ከድሬዳዋ እስከ አቃቂ፦ በእህቴ ሦስት ጎን አጥንቶች የተነሣ

ድሬዳዋ ውስጥ አቃቂን የሚያውቅ ሰው የለም። አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ በአቃቂ አልፏል፤ ግን ባቡሩ እዚያ ሲቆም ተሳፋሪው ሻንጣውን ከላይ እያወረደ፣ ከወንበር ሥር ጫማውን እየፈለገ ስለሆነ ቀና ብሎ አያይም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አቃቂ ወርደው ለማያውቁና ወደፊትም ለማይወርዱ ለአገሬ ልጆች ነው። ውረዱ ብዬም አልመክርም። ነፋሱ ክፉ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ደግ ነው። የሁለተኛው ጣጣ ከአንደኛው እንደሚብስ ከዚህ በታች ታያላችሁ።

መልእክቱ የመጣኝ በባቡር ጣቢያ ስልክ ነው። የታናሽ እህቴ የአስካለ ባል ቶሎሳ አቃቂ ላይ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። የባቡር ሰዎች የቤተሰብ ወሬ ሲኖራቸው በጣቢያ ስልክ በቃል ይቀባበላሉ፤ አቃቂ ለሞጆ፣ ሞጆ ለአዋሽ፣ አዋሽ ለድሬዳዋ። በየጣቢያው ያለው ሰው ጨዋ ነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ክፉ ወሬ እንደሰማው አያቀብልም፤ ሾል ያለውን ጫፍ ቆርጦ ያስቀራል። ከአቃቂ የተነሣው ቃል «አስካለ በጠና ታማለች፤ ደረቷ ሊቀደድ ነው፤ ደም የሚሰጥ ዘመድ ያስፈልጋል» የሚል እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ድሬዳዋ ሲደርስ ግን የጣቢያው ሠራተኛ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ታፈሰ፣ እህትህን ትንሽ አሟታል አሉ። ቢመችህ ብቅ በል» አለኝ። ያንን ሰውዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቀው አናቱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በዚህ አገር «በጣም ታማለች» ማለት ታማለች ማለት ነው። «ትንሽ አሟታል» ማለት ግን ሞታለች ማለት ነው።

«ሞታለች?» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም! ምን ቆርጧት!» አለና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ብትሞትም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ በጋዜጣ ላይ የመርዶን ልማድ ስነቅፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሞት በስሙ ይጠራ፣ ሐዘንተኛን እንደ ሕፃን ማታለል ይቅር እያልኩ ብዙ ቀለም ጨርሻለሁ። ያን ቀን ግን እናቴን «ለጋዜጣው ሥራ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» አልኳት።

«ጥቁሩን ኮት ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

«እዚያ ይበርዳል።»

እናቴ ስንቄን ቋጠረች። በር ላይ ስደርስ ብቻ፣ «አስካለ ጋ ካለፍክ ስለ ነጠላው አንድ ቃል እንዳታነሣ» አለች። አስካለ ለበዓል የላከችላትን ነጠላ፣ ጥለቱ የአሮጊት ነው ብላ ለጎረቤታችን ለእትዬ አጸደ ሰጥታዋለች። አነሣላታለሁ ብዬም አላሰብኩም። ለሞተ ሰው ነጠላ ምን ያደርግለታል?

ሰኞ

በድሬዳዋ ሙቀት ኮት በክንዱ አጥፎ ባቡር የሚሳፈር ሰው ወይ አብዷል ወይ ለቅሶ ይሄዳል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ዘይነባ ሁለተኛውን ገመተች። ዘይነባ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ናት፤ ሦስት ቀሚስ ደራርባ ለብሳ ነበር፤ የራሷ አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት አዲስ አበባ ሲደርሱ ይወልቃሉ።

«አቦ፣ ወዴት ነህ?»

«አቃቂ። እህቴን ትንሽ አሟታል ብለውኝ።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ።»

«ኢና ሊላሂ!» አለችና አፏን በመዳፏ ከደነች። «ማለቴ … አላህ ያሽራት።»

ፉርጎው በሙሉ ለመስማት ጊዜ አልወሰደበትም። ኤረር ላይ ከማላውቀው ሰው ብርቱካን መጣልኝ። አፍደም ላይ አንድ ሽማግሌ ወተታቸውን አካፈሉኝ። ሌላዋ እንቁላል ቀቅላ ይዛ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። «እህቴ እኮ ታማ ነው» ስላቸው «አዎ፣ አዎ፣ ታማ ነው» ይሉኛል፤ ልጅን በሚያባብሉበት ድምፅ።

መኢሶ ላይ የጉምሩክ ፈታሽ ገባ። ዘይነባ ወዲያው ክንዴን ይዛ፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች። «ወንድሜ ነው፤ እህታችን ሞታብን ለቀብር እየሄድን ነው» አለችው። ፈታሹ ኮቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ አለፈ። ሞት የሚለው ቃል በግልጽ የተነገረኝ ያኔ ነው፤ ያውም በቀጣፊ አፍ። የሚገርመው አመንኳት። መንግሥት ባርኔጣውን አውልቆበታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ?

የባቡሩ ራስ አዋሽ ላይ ተበላሽቶ እዚያው አደርን። እኛ ድሬዳዋ ሙቀት ሲጠና ፍራሽ አውጥተን ግቢ ውስጥ እንተኛለን። አዋሽ ግን ሁሉም በየክፍሉ ተዘግቶ ከወባ ትንኝ ጋር ይታገላል። የሆቴሉ ባለቤት፣ ወፍራም ሴት፣ ፓስታ አቀረበችልኝና ሳልበላ ስትቀር የራሷን አጎበር አምጥታ አልጋዬ ላይ ሰቀለችልኝ። ዘይነባ ነግራታለች ማለት ነው። ደግነት እንደ ትንኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አንዴ ካገኘህ አይለቅህም።

ማክሰኞ

ከናዝሬት በኋላ ብርዱ ጀመረ። ኮቴን የለበስኩት እውነቴን በርዶኝ ነው፤ ፉርጎው ግን ተንሾካሾከ። ዱከምን አልፈን አመሻሽ ላይ አቃቂ ደረስን። ዘይነባ በሦስት ቀሚሷ አቅፋኝ እያለቀሰች አወረደችኝ። ያን ለቅሶ ለፈታሽ ብላ አላለቀሰችውም።

የአቃቂ ነፋስ ዓይን ውስጥ አፈር ይዞ ይገባል። ከጣቢያው ማዶ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል፤ አስካለ የምትሠራው እዚያ ነው። ወንዙ የዕለቱን የጨርቅ ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ ያን ቀን ሰማያዊ ነበር። የእኛ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው አሸዋ ነው፤ ቢያንስ ግን ራሱን ይመስላል።

ቶሎሳ ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የአቃቂ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ አንዱን ቃል ተናግሮ ሌላውን የሚመዝን። ስሞኝ ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

«አስካለስ?»

«ደህና ናት። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ናት። ነገ ያዩዋታል፣ ጋሼ።»

«ለምን ዛሬ አላያትም?»

«የመግቢያው ሰዓት አልፏል። ደግሞ ደክሞዎታል።»

በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ዳኛውንም ሌባውንም «አንተ» ነው የምንለው። «ደክሞዎታል» ስባል ከል ያለበሱኝ ያህል ተሰማኝ።

ቤት ስንደርስ እግሬን አጠቡኝ። ከዚያ ጎረቤቱ እየተንጠባጠበ ገባ፤ አንዱ ወጥ፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ጠላ እየያዘ። ቶሎሳ አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉን ነገረኝ። የአስካለ ደረት ላይ፣ ጎን አጥንት ከፍርምባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ እብጠት ወጣ። አላመማትም። የሽመና መኪናው መትቷት ይሆናል አሉ። አንድ ክሊኒክ እብጠቱን ብቻ ፈልቅቆ አወጣላት፤ ከዓመት በኋላ ከበፊቱ ሰፍቶ ተመለሰ። አሁን የያዛት ሐኪም የአጥንት ነቀርሳ ነው፣ እንዲህ ያለው ብዙ አይገጥምም፣ ጎን አጥንቶቹን ከሥሩ ማውጣት አለብኝ ብሏል። ሐሙስ ተራዋ ነው። ደም ያስፈልጋል።

ቃል በቃል እውነቱን ነበር የነገረኝ። እኔ ደግሞ አንዱንም አላመንኩም። ሰው በሽታውን እንዲህ አብራርቶ የሚነግርህ ሞቱን ሊያለማምድህ ነው።

ይብስ ያስፈራኝ ምስጋናው ነው። «አስካለ እኮ ሰው ናት።» «ደግነቷ!» «አፏ እንደ ማር!» እኔ እህቴን አውቃታለሁ። አፏ እንደ ሚጥሚጣ ነው። ሰፈር ሙሉ ሰው አስካለን የሚያመሰግነው ከሞተች ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው በዚህ አገር ይታማል እንጂ አይመሰገንም።

አንዲት ሴት ብቻ ጥግ ተቀምጣ ዝም ብላለች። እትዬ ወርቄ ትባላለች፤ የአጥር ጎረቤት ናት። ድንች ቀቅላ ይዛ ነው የመጣችው። ስትወጣ ቶሎሳን፣ «የአስካለን ፍየል እኔ ግቢ አስሬላታለሁ» አለችው።

ጆሮዬ ቆመ። «ፍየሏ ምን አደረገች?»

እትዬ ወርቄ ዓይኗ በራ። «ምን ያላደረገችው አለ! የእኔን ጎመን …»

አጠገቧ የነበረችው ሴት ጎኗን ጎሸም አደረገቻት። እትዬ ወርቄ አፏን ዘጋች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አስካለ ግን ደግ ናት» ብላ ወጣች።

ያ ጉሸማ ነው ተስፋዬን የጨረሰው።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ተነፋ።

ለማያውቅ ልንገር። አቃቂ ዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አለው። ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየዞረ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይናገራል። የዚያ ሰፈር ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ዘበኛ ናቸው። ሁለት ጊዜ ነፉ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፦ «የቶሎሳ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ …»

ቀሪውን ማንም አልሰማም። በየበሩ ጩኸት ፈነዳ።

ተነሥቼ ኮቴን ለበስኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በብርቱካንና በእንቁላል ሲያባብሉኝ ቆይተው በመጨረሻ አንድ ሰው በስሙ ጠራው። ወጥቼ ደጃፉ ላይ አለቀስኩ፤ ለሐዘንተኛ በግልጽ ይነገር ብሎ እንደጻፈ ሰው፣ በግልጽ አለቀስኩ። እትዬ ወርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች በአጥሩ በኩል መጣች። «አስካልዬ! አንቺ የዋህ! ለእንስሳ እንኳ የምትራሪ!»

ቶሎሳ ሱሪውን ባንድ እግሩ አጥልቆ እየዘለለ ወጣ።

«ማነው? ማን ሞተ?»

«አስካለ!»

«መቼ?»

መልስ ሳይሰማ መሬት ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤቱ ለዕድሩ ነግሮ ከእሱ የደበቀው መስሎት ነበር። እስከዚያ ድረስ የተጠራጠረ ካለ ባልየው ሲወድቅ አመነ። በዚህ መሐል ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በጥጉ ብቅ አሉ። ሕዝቡን አዩ። ቶሎሳን መሬት ላይ አዩ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«አስካለ ሞታለች!» አለች እትዬ ወርቄ።

«ኧረ!» ጋሽ ደምሴ ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። «ወይኔ ልጄ! እኔ አሁን ስለ እሷ እየተናገርኩ … ደም ስጡላት እያልኩ … ሳትጠብቀኝ!» እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

ቶሎሳ ቀስ ብሎ ራሱን ቀና አደረገ። «ምን እያሉ?»

«ደም ስጡላት። ሁሉም በፋብሪካው አውቶቡስ አብሮ እንዲሄድ።»

«ታዲያ መሞቷን ማን ነገረዎት?»

«እናንተ!»

«ለእኛ የነገሩን እኮ እርስዎ ነዎት!»

አንዱ ከኋላ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ለደም በጥሩምባ ይነፋል?» አለ።

«እና በምን ልንፋ?» አሉ ጋሽ ደምሴ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዕድሩ ያለው አንድ ጥሩምባ ነው። ሰዉ እንደሆነ ለስብሰባ ስትጠራው አይወጣም፤ ለሞት ብቻ ነው የሚወጣው!»

ነገሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስላል። አላበቃም። የጣቢያው ስልክ ሐኪም ቤት አይደርስም፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። ቶሎሳ ደብቀውኛል ብሎ ይጠረጥራል፤ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው መጠራጠር ጀምረዋል። ወገቧን ያሰረች ሴት ልፍታው ብትል «ሞታ ብትሆንስ?»፤ አስራ ልሂድ ብትል «ሟርት አይሆንም?» ይሏታል። እንዲሁ እንደሆንን፣ ግማሹ እያለቀሰ ግማሹ እየተከራከረ፣ አውቶቡሱ ላይ ተጫንን። ቃሊቲን ስናልፍ ሾፌሩ «የት ነው ቀብሩ?» አለ።

የሐኪም ቤቱ ዘበኛ መግቢያ ሰዓት አይደለም ብሎ የሚከለክል ሰው ነው ብለውኝ ነበር። እኛን ሲያይ በሩን በሰፊው ከፈተ። «አስከሬን ክፍሉ በዚያ በኩል ነው» ብሎ ወደ ግራ አመለከተን። ሕዝቡ ወደ ግራ ታጠፈ። እኔ ወደ ቀኝ ሄድኩ። አንድ ነገር ሁሉም ሲል ተቃራኒውን የማድረግ አመሌ በሕይወቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ አስካለ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥ ነበር።

ቆሜ ቀረሁ። እሷም አየችኝ። ጥቁር ኮቴን አየች። ያበጠ ዓይኔን አየች። በመስኮቱ ደግሞ ከግራ የተመለሱት ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን እንዳሰሩ ተደርድረዋል። ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ ናት?» አለች።

«ምን? የለም! እማዬ ደህና ናት!»

«ትንሽ አሟት ነው?»

«ኧረ ምንም አላመማትም!»

«ወይኔ እናቴን!»

አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ አጭር፣ መላጣ፣ እጅጌውን የሰበሰበ ሐኪም ገባ። ቀዶ ሐኪሙ እሱ ነው።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም» አልኩ።

«ታዲያ አንተ ለምን ጥቁር ለበስክ?»

«ስለበረደኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና በክንዴ ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። ጣቱን እዚህ ደረቴ ላይ አስቀመጠ። «እብጠቱ ከዚህ፣ ጎን አጥንትን ከፍርምባ ከሚያገናኘው ልም አጥንት ነው የተነሣው። በመድኃኒት አይጠፋም፤ በጨረርም እምብዛም አይበገርም። ያለው መንገድ ቢላዋ ነው። እብጠቱን ተከትለህ ከቆረጥክ ዘሩ ይቀራል፤ መጀመሪያ ያደረጉት እሱን ነው። እኔ ከዳሩ ርቄ፣ ጤነኛውን ሥጋና አጥንት ጨምሬ እቆርጣለሁ። ሦስት ጎን አጥንትና የፍርምባው ጠርዝ ይወጣል። ነገ ተራዋ ነው። ተራዋ ካለፈ መቼ እንደሚደርሳት አላውቅም። እብጠቱ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። እንዲህ እያለቀሰች ግን ማደንዘዣ ሰጥቼ አላስተኛትም። አረጋጋት።»

ተመልሼ ገባሁ። አስካለ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነው።

«ድሬዳዋ ውሰደኝ። እናቴን ሳልቀብር አልቀደድም።»

«አስካለ፣ እማዬ በሕይወት አለች።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት። በእግዚአብሔር ማልኩ፤ በአባታችን አጥንት ማልኩ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንደሚምል ታውቃለች። ስለ እማዬ ጤና፣ ስለ ጠንካራነቷ፣ ስለ ስንቁ አወራሁላት፤ ባወራሁ ቁጥር ለቅሶዋ እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እንዲያውም የላክሽላትን ነጠላ ጥለቱ የአሮጊት ነው ብላ ለአጸደ ሰጥታዋለች!»

ለቅሶው ቆመ።

«ለማን?»

«ለእትዬ አጸደ።»

«የእኔን ነጠላ? በደመወዜ የገዛሁትን? ጥለቱን ራሴ የመረጥኩትን?»

«የአሮጊት ነው አለች።»

«እሷ ታዲያ ኮረዳ ናት?» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ጥቅልሉን ፈትታ ዕቃዋን ወደ ቦታው መለሰች። «በል፣ ይቅደዱኝ። ከዚህ ስወጣ ድሬዳዋ ሄጄ እንገናኛለን።»

ሰው ስለ ሟች እንዲህ ያለ ነገር እንደማይናገር ታውቃለች። መስኮቱ ላይ የነበረችው እትዬ ወርቄም፣ አስካለ ስትቆጣ ሰምታ፣ የወገቧን ነጠላ ፈታች። «ፍየልሽ ጎመኔን ጨርሳዋለች፣ ሰምተሻል?» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ሁሉም በየተራ ደም ሰጠ፤ ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸው አይፈቅድም ተብለው ሲመለሱ ተቀየሙ። አስካለ፣ «የወርቄ ደም ከገባብኝ ጎመን ሊያምረኝ ነው» ስትል ከወዲያ፣ «ከፍየልሽ ጋር ተሻሚ!» የሚል መልስ መጣ።

ሐሙስ

ስለዚህ ቀን ብዙ የምጽፈው የለኝም። የሐኪም ቤቱ ጓሮ ውስጥ ከቶሎሳ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን ቤት ትተው መጥተዋል፤ እኔ ግን ጨርቃቸው ሥር ይዘውት እንደሆነ ሳላስበው እመለከት ነበር። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩት ሁሉ አልረዳኝም። መጽሐፍ የሚያስረዳው ያለፈውን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ጫማው ላይ ደም ነበር፤ ፊቱ ሞታለችም አልሞተችምም አይልም።

«ወጥቷል» አለ።

«ምኑ?» አለ ቶሎሳ።

«እብጠቱ። እሷ አለች።»

ከዚያ ነገረን። አጥንቶቹ ሲወጡ ከሳንባው በላይ የደረት ግድግዳ ላይ ከመዳፍ የሚሰፋ ቀዳዳ ይቀራል። እንዲሁ ቢተው፣ ስትተነፍስ ሌላው ደረት ሲነሣ ያ ቦታ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ አየር ያጥራታል። ስለዚህ ከናይለን የተሠራ ወንፊት መሳይ መረብ ከቀዳዳው ዳርና ዳር ሰፍቶ ወጥሮታል፤ እንደ ከበሮ። ከላላ አይሠራም። በላዩ ከጀርባዋ ጡንቻ አዙሮ አለበሰው፤ ከዚያ ቆዳው።

«እንደ ከበሮ» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ገብቷቸው።

ዓርብ፣ ከዚያም የቀሩት ቀናት

ከአስካለ ጎን ቀጭን የጎማ ቱቦ ወጥቶ ወለል ላይ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ውሃ አለው። ስትተነፍስ በጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስታስል ይንፈቀፈቃል። ለመናገር አቅም አልነበራትም። እኔና ቶሎሳ እየተፈራረቅን ያንን ውሃ ስናይ ዋልን። ከድሬዳዋ ከተነሣሁ ጀምሮ ያላባበለኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ማታ ማታ አቃቂ እመለሳለሁ። እትዬ ወርቄ እራት ታቀርብልኛለች፤ እያቀረበችም አስካለን ታማልኛለች። ቆሻሻ ውሃ ወደ እኔ ደጅ ትደፋለች፤ ሬዲዮኗን ታስጮኻለች፤ ፍየሏን አታስርም። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣመኝ ራት የለም። ወንዙ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ ሆኖ ወረደ።

ጎማው ወጣ። አስካለ ተቀመጠች፤ ቆመች፤ የሾርባውን ጨው ነቀፈች። ሐኪሙ የቆረጠውን ለምርመራ ልኮ ነበርና ውጤቱ ሲመጣ ጠራኝ።

«የቆረጥኩበት ዳር ንጹሕ ነው፤ ዘሩ የለበትም» አለ።

«እንግዲህ ዳነች ማለት ነው?»

«ዳሩ ንጹሕ ነው አልኩህ።»

«ተመልሶ አይመጣም?»

«ሊመጣም ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። በየጊዜው አያታለሁ። የማውቀው ይህን ነው።»

ስፈልገው የኖርኩት እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ብቻ በስሙ የሚናገር። ፊቱ ቆሜ ግን ትንሽ ቢዋሸኝ ተመኘሁ። እስከ ዛሬ ይህን ምኞቴን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።

መመለሻ

ኮቴን ለጋሽ ደምሴ ትቼላቸው ተሳፈርኩ። በመንገድ ላይ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላ ነበር። ማለዳ አልገባም፤ መርዶ በማለዳ ነው። ሰው አላስከትልም። ነገሩን እንዳለ እነግራታለሁ።

ያ ባርኔጣ አውላቂ የጣቢያ ሠራተኛ ቀድሞኝ «ታፈሰ እየመጣ ነው፤ አስካለም በጣም ደህና ናት» ብሏት ኖሯል። ቤት ስደርስ ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። እናቴ መሐል ናት። ዓይኗ ደርቋል።

«ንገረኝ» አለች። «አልጮህም።»

«እማዬ፣ አስካለ በሕይወት አለች። ደረቷ ላይ ክፉ እብጠት ወጥቶ ነበር። ሦስት ጎን አጥንቷን አወጡላት። አሁን ትቆማለች፤ ትበላለች።»

«ሦስት ጎን አጥንቷን አውጥተው በሕይወት አለች?»

«አለች። እማዬ፣ ጀግና ናት። እንደ እሷ ያለ ልበ ሙሉ ሰው አላየሁም።»

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ» አለች ቀስ ብላ፣ «አስካለን ስታመሰግን?» እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ፤ ልታስረው ነው። በግድግዳው ዙሪያ ያሉት ሴቶች ለጩኸት አየር ሳቡ።

«ነጠላዬን መልሺ ብላሻለች!» አልኩ።

እጇ ቆመ። «ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«እንዳትነግራት አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ምን አለች?»

«ጥለቱ የአሮጊት ከሆነ እሷ ታዲያ ኮረዳ ናት? አለች። መጥቼ እንገናኛለን ብላሻለች።»

«ይቺ ባለጌ!» አለች እናቴ። ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። «ይቺ አፈ ሚጥሚጣ! አጥንቷ እንኳ ወጥቶ አፏ አልተሻለውም?»

ዘወር ብላ በር አጠገብ ወደ ተቀመጠችው ወደ እትዬ አጸደ አየች። እትዬ አጸደ ለለቅሶው የመጣችው ያንኑ ነጠላ ለብሳ ነው።

«አጸደ፣ አውልቂው።»

እናቴ ነጠላውን ተቀብላ አራገፈችው። ጥለቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ አሁንም አልወደደችውም። ከዚያ አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አሰረችው።

«ለአቃቂ ሰዎች ስልክ ደውልላቸው» አለችኝ። «አልክላትም በላት። በእግሯ መጥታ ትውሰደው።»